ባለቤት ያጣ ማጣሪያ፦ ያልተጠናቀቁ የአየርላንድ የግል መንደሮችና የፍሳሽ ኃላፊነት

የአየርላንድ መንግሥት በ2010 ያልተጠናቀቁ የመኖሪያ መንደሮችን በመላ አገሪቱ ሲያስቆጥር በመዝገብ የሰፈሩት 2,846 ነበሩ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከብዙዎቹ ሠራተኛውም ማሽኑም ከወጣ ሰንብቷል። ጋዜጦች የሙት መንፈስ መንደሮች ያሏቸው የእነዚህ ሰፈሮች ፎቶግራፍ በየአገሩ ዞሯል፤ ጣሪያ ያልለበሰ ግድግዳ፣ አስፋልት ያልነካው መንገድ፣ አምፖል የሌለው ምሰሶ። ካሜራ የማይደርስበት ከመሬት በታች ያለው ነው። ብዙዎቹ መንደሮች ጭር ይበሉ እንጂ ባዶ አልነበሩም። ቤት ገዝተው፣ የረጅም ጊዜ የባንክ ዕዳ ተሸክመው የገቡ ቤተሰቦች ይኖሩባቸዋል። ከቤታቸው የሚወጣው ፍሳሽ የሚሄደው ደግሞ በብዙ ቦታ ማንም ወዳልተረከበው ማጣሪያ ነው።

ያ ማጣሪያ የማን ነው? አየርላንድ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ከአልሚው ኪሳራ ይጀመራል፤ እኔ ግን ቀደም ብሎ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ኃላፊነቱ ገና ፈቃዱ ሲሰጥ ክፍት ተትቷል። ኪሳራው ክፍተቱን አሳየ እንጂ አልፈጠረውም።

ፈቃዱ

በ2006 በአየርላንድ ከ90,000 በላይ ቤቶች ተጠናቀቁ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 4.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የቤቶቹ ቁጥር የሚወሰደው ከአዳዲስ የመብራት ቅጥያዎች ስለነበር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ኋላ ላይ ዘዴውን ለውጦታል፤ የግንባታውን ግዙፍነት ግን የሚክድ የለም። ነገሩ በደብሊን ዙሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገም ነበር፤ ትልቅ ከተማ ትልቅ የፍሳሽ መስመር አለው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን በላይኛው የሻነን ወንዝ ተፋሰስ፣ ማለትም በሊትሪምና በሎንግፎርድ እንዲሁም በካቫን፣ በሮስኮመንና በስላይጎ ከፊል፣ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ የግብር ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ገዢ ይኑር አይኑር ብዙም ሳይጠየቅ፣ ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርባቸው የገጠር መንደሮች ጫፍ ላይ በዐሥሮች የሚቆጠሩ ቤቶች ይታቀዱ ጀመር።

እንዲህ ያለች መንደር የሕዝብ ማጣሪያዋ ወይ ሞልቷል፣ ወይ ከነጭራሹ የላትም። የፕላን ፈቃድ የሚሰጠው የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው፣ አስተዳደር ሁለት ምርጫ ነበረው፤ የሕዝብ ማጣሪያ እስኪሠራ ፈቃዱን ማቆየት፣ አለዚያም አልሚው በቅጥሩ ውስጥ የራሱን ማጣሪያ እንዲተክል መፍቀድ። ብዙ ቦታ ሁለተኛው ተመረጠ። ከፈቃዱ ጋር የሚያያዙት ግዴታዎች ሲነበቡ ምንም የጎደላቸው አይመስሉም፦ አልሚው ማጣሪያውን ይተክላል፤ የቤት ባለቤቶች የሚያቋቁሙት የአስተዳደር ኩባንያ ያንቀሳቅሰዋል፤ የሕዝብ ማጣሪያው ሲስፋፋ መስመሩ ከዚያ ይቀጠላል፤ አልሚው ለሥራው መጠናቀቅ ዋስትና ያስይዛል። የመጨረሻውን የ2000ው የፕላንና ልማት ሕግ አንቀጽ 34 በግልጽ ይፈቅደዋል።

የሕዝብ ማጣሪያው መቼ እንደሚስፋፋ ግን ቀን አልተቆረጠም። የአስተዳደር ኩባንያ የተባለውም ገና አንድ ነዋሪ በሌለበት መንደር አልሚው ራሱ ያቋቋመው፣ ዳይሬክተሮቹም የእሱው ሰዎች የሆኑበት ድርጅት ነው። ስለዚህ ብዙ ስም በተጠራበት ሰነድ ላይ በእርግጥ የታሰረው አልሚው ብቻ ነበር። እሱ ቢወድቅ ማን ይተካዋል የሚለው አልተጻፈም። ቤቶቹ ግን መሸጥ ጀመሩ።

ማጣሪያው ራሱ

ባለቤት ያጣ ቧንቧና ባለቤት ያጣ ማጣሪያ አንድ አይደሉም። በሚገባ የተቀበረ፣ በተዳፋት የሚወርድ መስመር ማንም ሳይነካው ለዓመታት ያስተላልፋል። ማጣሪያ ግን እንደ ወተት ላም ነው፤ አንድ ቀን የሚያየው ከጠፋ ያስታውቃል።

በእነዚህ መንደሮች የተተከሉት በአብዛኛው በፋብሪካ ተገጣጥመው የሚመጡና መሬት ውስጥ የሚቀበሩ ታንኮች ናቸው። ፍሳሹ መጀመሪያ ከባዱ ነገር ወደ ታች የሚወርድበት ክፍል ውስጥ ይገባል። በቀጣዩ ክፍል አየር ይነፋበታል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አየሩን እያገኙ ቆሻሻውን ይበሉታል። በሦስተኛው ክፍል የባክቴሪያው ክምችት ራሱ ይዘቅጥና ከፊሉ ወደ አየሩ ክፍል ተመልሶ ይገፋል፤ ከላይ የጠራው ውሃ ወደ ማስረጊያ መሬት ወይም ወደ ወንዝ ይለቀቃል። አየሩን የሚነፋው ብሎወር ሌት ተቀን መሥራት አለበት። መብራት ሲቋረጥ ባክቴሪያዎቹ ለሰዓታት ይታገሣሉ። መቋረጡ ለቀናት ከዘለቀ ግን ያልቃሉ፣ ታንኩ ይሸታል፣ በሌላው ጫፍ የሚወጣውም ከገባው ብዙ የማይለይ ይሆናል። መብራቱ ቢመለስም ማጣሪያው በማግስቱ አይድንም፤ አዲሱ ባክቴሪያ እስኪበዛ ሳምንታት ይወስዳል።

ሁለተኛው ችግር ለሰሚው እንግዳ ነው፤ የፍሳሽ ማነስ። አንድ ሰው በቀን የሚያመነጨው ቆሻሻ ለመበስበስ 60 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል ተብሎ ይሰላል፤ የማጣሪያ መጠን የሚወሰነውም በዚህ ነው። ለመቶ ቤት፣ በየቤቱ ሦስት ሰው ተብሎ የታቀደ ማጣሪያ በቀን የ18 ኪሎ ግራም ጭነት ይጠብቃል። ሰው የገባባቸው ቤቶች ዐሥራ ሁለት ቢሆኑ የሚደርሰው ከሁለት ኪሎ ግራም እምብዛም አይበልጥም። ባክቴሪያው የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ፍሳሹም ለመቶ ቤት በተቀበረው ሰፊ ቧንቧና በፓምፑ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይበሰብስና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። እንግዲህ በግማሽ የቀረ መንደር ማጣሪያው በጥንቃቄ የተተከለና የሚጠበቅ ቢሆን እንኳ በዲዛይኑ ልክ ሊሠራ አይችልም። መስመሩ ራሱ በአግባቡ ካልተዘረጋ ደግሞ የባሰ ይመጣል። በሎንግፎርድ ከተማ ግሌን ሪያዳ በተባለው መንደር ከፍሳሽ መስመር የተነሳ ጋዝ ወደ ቤቶች እየገባ ነዋሪዎች ለዓመታት አቤት ሲሉ ኖረዋል።

የፓምፑን ጉድጓድ ቀረብ ብሎ ማየትም ይጠቅማል። ታች ሁለት ፓምፖች አሉ፤ አንዱ ሠራተኛ፣ ሌላው ተጠባባቂ። ፍሳሹ ከፍ ሲል የሚንሳፈፍ ማብሪያ ያስነሳቸዋል፤ ከወሰኑ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል ወይም ወደ አንድ ስልክ ይደውላል። የሕፃናት መጥረጊያ ጨርቅ አንደኛውን ፓምፕ ጠምዝዞ ሲይዘው ተጠባባቂው ሥራውን ይረከባል፣ ነዋሪውም ምንም አያውቅም። የሚደወልለት ስልክ የተዘጋ ኩባንያ ከሆነ ሁለተኛው ፓምፕ ብቻውን እስኪቃጠል ይሠራል። ከዚያ ፍሳሹ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ማንሆል ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ሰፈሩ ችግሩን የሚያውቀው ያኔ ነው፤ ችግሩ ግን ከወራት በፊት ጀምሯል።

ሕግ አዋቂዎች ስለ ኃላፊው ሲከራከሩ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ የብሎወሩ የመብራት ሒሳብ በማን ስም ይመጣል? በአልሚው ስም የሚመጣው ሒሳብ ሳይከፈል ሲከማች መስመሩ ይቆረጣል። ለማስቀጠል አዲስ ደንበኛ ሆኖ የሚፈርም ይፈለጋል። የፈረመ ሰው ከመብራቱ ጋር ማጣሪያውንም፣ ብክለቱንም፣ የወደፊቱንም ጥገና እንደተቀበለ ይቆጠርብኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ደግሞ መሠረት የሌለው አይደለም።

ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው

በመስከረም 2008 የአየርላንድ መንግሥት የባንኮቹን ዕዳ ዋስ ሆኖ ገባ። በ2009 መጥፎ የሪል ስቴት ብድሮችን የሚረከብ ናማ የተባለ መንግሥታዊ ድርጅት ተቋቋመ። በ2010 መጨረሻ አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት የነፍስ አድን ብድር ወሰደች። አልሚዎቹ በየተራ ወደቁ።

ባንክ ሪሲቨር፣ ማለትም ዕዳውን ለማስመለስ መያዣውን የሚረከብ ሰው፣ ሲሾም፣ ሪሲቨሩ የሚይዘው በብድሩ መያዣነት የተመዘገበውን ነው፤ ሊሸጥ የሚችል ቤትና መሬት። ማጣሪያ ገዢ የለውም፣ ወጪ ብቻ ነው። ኩባንያው ወደ መፍረስ ሲሄድ ደግሞ ሒሳብ አጣሪው ሸክም የሆነን ንብረት በፍርድ ቤት ፈቃድ ሊተው እንደሚችል የኩባንያዎች ሕግ ይፈቅዳል። ኩባንያው ፈርሶ ከመዝገብ ሲሰረዝ ነገሩ ፈገግ የሚያሰኝ መልክ ይይዛል። በ1954ቱ የመንግሥት ንብረት ሕግ አንቀጽ 28 የፈረሰ ኩባንያ ንብረት ወደ መንግሥት፣ ማለትም ወደ ሚኒስትሩ ያልፋል። ሊትሪም ገጠር ውስጥ የተቀበረ የተቃጠለ ብሎወር በሕግ ዓይን ደብሊን ያለ የሚኒስትር ንብረት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ንብረቱ በወረቀት አለፈ ማለት ግን ቴክኒሻን ተላከ ማለት አይደለም።

የአስተዳደር ኩባንያው ዕጣም ከዚህ አይሻልም። ዓመታዊ ሪፖርቱን ለኩባንያዎች መዝገብ ያላቀረበ ድርጅት ይሰረዛል፤ አልሚው ከጠፋ ሪፖርቱን የሚያቀርብ የለም፤ ከተሰረዘ ደግሞ ንብረቱ በዚያው በ1954ቱ ሕግ መንገድ ይሄዳል። በ2011 የወጣው የጋራ ሕንፃዎችና መንደሮች ሕግ የጋራ ንብረቱ ከመጀመሪያው የቤት ሽያጭ በፊት ወደ ባለቤቶቹ ኩባንያ እንዲዛወር አስገደደ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነበር። ለነባሮቹ መንደሮች ግን ቤቱ ተሸጦ፣ ሻጩም ከስሮ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው።

ነዋሪዎቹስ? ያላቸው የቤታቸው ካርታ ነው። መንገዱ፣ ሜዳው፣ ማጣሪያው የተቀመጠበት ቁራሽ መሬት በአልሚው ስም እንዳለ ነው። ገንዘብ አዋጥተው የመብራቱንና የመምጠጫ መኪናውን የሚከፍሉ ሰፈሮች ነበሩ፤ በዚህ ዓይነት መዋጮ ደግሞ ሁልጊዜ ከፋዮቹ እያነሱ፣ ድርሻው እየከበደ ይሄዳል። መንግሥትም ችግሩን በከፊል አምኗል ማለት ይቻላል፦ በ2012 አዲሱ የ100 ዩሮ የቤት ክፍያ ሲጣል ከ1,300 በላይ ባልተጠናቀቁ መንደሮች ያሉ ቤቶች ነጻ ተደርገዋል። በቀጣዩ ዓመት የንብረት ግብር ሲተካው ግን ነጻ የሆኑት መንደሮች 421 ብቻ ሆኑ። ከዝርዝሩ የወጡት መንደሮች ፍሳሽ በአንድ ዓመት ባለቤት አግኝቶ አይመስለኝም።

የካውንቲው አስተዳደር አቋም ግን ከሁሉ ይበልጥ መመርመር ያለበት ነው። የ1977ቱ የውሃ ብክለት ሕግ ወደ ወንዝ ለሚለቀቅ ፍሳሽ ፈቃድ የመስጠትና የመቆጣጠር ሥልጣን ለእሱ ሰጥቷል። ስለዚህ ለአልሚው ማስጠንቀቂያ መጻፍም፣ መክሰስም ይችላል፤ የሚደርሰው ሰው እስካለ ድረስ። ማጣሪያውን ከተረከበ ግን ወንበሩ ይገለበጣል። በ2007 በወጣው ደንብ መሠረት የካውንቲ አስተዳደሮች ራሳቸው ለሚለቁት ፍሳሽ ከአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው፤ ከ500 ሰው በላይ ለሚያገለግል ፈቃድ፣ ከዚያ በታች ላለው የምስክር ወረቀት። ትናንት ተቆጣጣሪ የነበረው ዛሬ የተበላሸ ማጣሪያ ይዞ ተከሳሽ ሊሆን ነው። በዚያ ላይ በጀቱ በየዓመቱ እየተቆረጠ ነበር። አለመረከቡ ለእሱ ርካሽ ውሳኔ ነው፤ ዋጋውን ወንዙና ነዋሪው ይከፍሉለታል። ይህን ስል አስተዳደሩ ክፉ ነበር ለማለት አይደለም፤ ሕጉ እጁን ላለመዘርጋት በቂ ምክንያት ሰጥቶት ነበር። ያንን ማጣሪያ የፈቀደው ግን እሱ ራሱ ነው።

ዋስትናው

አልሚው ቢከስር የሚተካው ገንዘብ ዋስትናው ነበር። በወረቀት ላይ ያለው አሠራር ቀላል ነው፦ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ዋስ ይሆናል፤ አልሚው ካልጨረሰ አስተዳደሩ ገንዘቡን ጠይቆ ሥራውን ይጨርሳል። በተግባር ግን አንዳንዱ ዋስትና ጊዜው አልፎ ሳይታደስ ተገኘ። አንዳንዱ መንደሩ በክፍል በክፍል ሲገነባ ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ የተያዘ ነበር። ኢንሹራንሶች ውሉን መስመር በመስመር እየተነተኑ ተከራከሩ። ከሁሉ የከፋው ስሌቱ ነው። የዋስትናው መጠን በቤት ቁጥር እየተባዛ የሚወሰነው አስፋልትን፣ እግረኛ መንገድን፣ የመንገድ መብራትንና የመሳሰለውን መጨረሻ ሥራ በማሰብ ነበር። ማጣሪያ ነቅሎ አዲስ መትከል፣ ወይም በኪሎ ሜትሮች ርቀት ወዳለው የሕዝብ መስመር ቧንቧ መዘርጋት በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበረም። ዋስትናው በሙሉ ቢከፈል እንኳ መንገዱን አስፋልት አልብሶ ማጣሪያውን እንዳለ የሚተው ነበር፤ እንዲህ ባለው ሰፈር ለሚያልፍ እንግዳ መንደሩ ተጠናቅቋል።

መንገድን ተከትሎ የሚሄድ ርክክብ

የመንደር ርክክብ ሲገዛ የቆየው በ2000ው ሕግ አንቀጽ 180 ነው። መንደሩ በአግባቡ ከተጠናቀቀ አልሚው ወይም አብዛኞቹ ነዋሪዎች ሲጠይቁ አስተዳደሩ መረከብ ግዴታው ነው። ካልተጠናቀቀም ፈቃዱ ካበቃ በኋላ የተወሰነ ጊዜ አልፎ አስተዳደሩ አልሚውን ካልከሰሰ፣ የቤት ባለቤቶቹ ብዙኃን ጠይቀው ሊያስገድዱት ይችላሉ። ጊዜው መጀመሪያ ሰባት ዓመት ነበር፤ በ2010 ወደ አራት ወረደ።

ሕጉ አንድ የተለየ ጠባይ አለው፤ ርክክቡ የሚፈጸመው በ1993ቱ የመንገዶች ሕግ አንቀጽ 11 በሚወጣ ትእዛዝ ነው። መንገዱ የሕዝብ መንገድ ተብሎ ይታወጃል፤ የፍሳሽ መስመሩ፣ የውሃ ቧንቧው፣ ሜዳው ከመንገዱ ጋር ተጎትቶ ይመጣል። ትእዛዙን የሚያሳልፉት የተመረጡት የምክር ቤት አባላት ናቸው። ፍሳሽ የመንገድ ጭራ ሆኖ የሚረከቡት ነገር ነው ማለት ነው። ቧንቧ ከመንገዱ ስር የተቀበረ ስለሆነ ይህ ለቧንቧ ያስኬዳል። በመንደሩ ጥግ፣ ከአጥር ወዲያ፣ በሌላ ካርታ ላይ የተቀመጠ፣ መብራትና ቴክኒሻን የሚፈልግ፣ ወደ ወንዝ የሚለቅ ማጣሪያ ግን ከመንገድ ጋር የሚያገናኘው ብዙ ነገር የለም። የሕጉ አርቃቂዎች ያሰቡት ከሕዝብ መስመር ጋር የተቀጠለ መንደር ይመስለኛል።

2014

ጉዳዩ በዚህ መልኩ እየተንከባለለ ሳለ የውሃው ዘርፍ በሙሉ እጅ ቀየረ። በ2013 በወጡት ሁለት ሕጎች አይሪሽ ዎተር የተባለ ብሔራዊ ድርጅት ተቋቁሞ ከጥር 1 ቀን 2014 ጀምሮ የውሃና ፍሳሽን ሥራ ከካውንቲ አስተዳደሮች ተረከበ (ከ2023 ወዲህ ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ ኢሽካ ኤረን ሆኗል)። የተላለፈለት ንብረት ግን የአስተዳደሮቹ የነበረው ነው። አስተዳደሩ ያልተረከበውን ማጣሪያ ሊያስተላልፍ አይችልም። ስለዚህ ባለቤት ያጡት ማጣሪያዎች ድልድዩን ሳይሻገሩ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ መንደር ለማስረከብ ሁለት ተቀባይ ያስፈልጋል፤ መንገዱን የሚረከብ አስተዳደርና ፍሳሹን የሚረከብ ብሔራዊ ድርጅት። አስተዳደሮቹና ድርጅቱ ከሕዝብ መስመር ጋር የተቀጠሉ መንደሮች እንዴት እንደሚተላለፉ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። የራሳቸው ማጣሪያ ያላቸው መንደሮች ከዚያ ሰነድ ውጭ ናቸው። የድርጅቱ ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። የሚያወጣውን ገንዘብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያጸድቅለታል፤ ለአልሚ ማጣሪያዎች የተያዘለት ገንዘብ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በመጋቢት 2019 አየርላንድን በ28 ከተሞችና አካባቢዎች የፍሳሽ ማጣራት ግዴታዋን አልተወጣችም ብሎ ፈርዶባታል። ደብሊንን የሚያህል ከተማ ፍሳሽ ክስ ባለበት ድርጅት ፊት የአርባ ቤት ታንክ ወረፋው የት እንደሆነ መገመት ይቻላል። ነዋሪው ግን ወደ አስተዳደሩ ሲሄድ የውሃ ጉዳይ ከእኛ ወጥቷል፣ ወደ ድርጅቱ ሲሄድ መንደሩን ገና አልተረከብንም እየተባለ ደጅ ሲጠና ከረመ። ሁለቱም መልሶች እውነት ነበሩ። በማሻሻያው ከድጡ ወደ ማጡ የገባው እሱ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ወርዶ ችግሩ ሲቀር

ያልተጠናቀቁ መንደሮች ቆጠራ በየዓመቱ እየወረደ በ2017 ወደ 256 ደረሰ። ከ2,846 አንጻር ትልቅ ሥራ ነው፣ ማሳነስ አይገባም። የቤት ዋጋ ማገገሙም፣ ናማም፣ አስተዳደሮቹም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ቆጠራው የሚያየው ግንባታን ነው። ቤቶቹ ተጠናቀው፣ ሰው ገብቶ፣ አስፋልቱ ተነጥፎ ከዝርዝሩ የወጣ መንደር ማጣሪያው ዛሬም ያልተረከበ ሊሆን ይችላል። ከቆጠራ መውጣትና መረከብ የተለያዩ ናቸው፤ በፖለቲከኞች ንግግር ውስጥ ግን አንድ እየሆኑ ይጠሩ ነበር።

በ2016 መንግሥት የመንደሮችን ርክክብ ለማፋጠን 10 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። ማጣሪያዎቹን በስማቸው የጠራው በጀት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ በብሔራዊ የልማት ዕቅዱ ውስጥ ከ2018 እስከ 2021 በአልሚዎች ለተተከሉ የውሃና ፍሳሽ ሥርዓቶች 31 ሚሊዮን ዩሮ ተያዘ። ቅድሚያ የተሰጠው በከተሞችና በመንደሮች ውስጥ ሆነው ከሕዝብ መስመር ጋር ሊቀጠሉ ለሚችሉት ነው። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እስማማለሁ። ማጣሪያን ማደስ ችግሩን ለሚቀጥለው ሃያ ዓመት ማስተላለፍ ነው፤ ቧንቧ ዘርግቶ ታንኩን መዝጋት ግን የመብራት ሒሳቡንም፣ የዝቃጩንም፣ የወንዙንም ጉዳይ አንድ ላይ ያነሳል። ችግሩ ቧንቧው የሚደርስበት የሕዝብ ማጣሪያ ራሱ የሞላ ሲሆን ነው። መጀመሪያ የግል ማጣሪያ እንዲተከል ያስፈቀደው ያ አልነበረም?

ጎረቤት አገር የተደረገውን ማየት የመፍትሔውን ወሰን ግልጽ ያደርገዋል። እንግሊዝና ዌልስ ጥቅምት 1 ቀን 2011 ከሕዝብ መስመር ጋር የተገናኙ የግል ፍሳሽ መስመሮችን በአንድ ቀን፣ የነዋሪ ማመልከቻ ሳይጠብቁ፣ ለውሃ ኩባንያዎች አስተላለፉ። የፓምፕ ጣቢያዎቹም እስከ 2016 ተከተሉ። በድፍረቱ አየርላንድን ያስንቃል። እዚያም ቢሆን ግን የራሳቸው ማጣሪያ ውስጥ የሚገቡ መስመሮች ከዝውውሩ ውጭ ሆኑ። ቧንቧን በአዋጅ መረከብ ይቻላል፤ ማጣሪያ ላይ ሲደርስ ሁሉም እጁን ይሰበስባል።

የአየርላንዱ ቀጣይ ዕቅድ፣ ከ2021 እስከ 2025 ያለው፣ 68.5 ሚሊዮን ዩሮ የያዘ ሲሆን የእርሳስ ቧንቧዎችን መቀየርም በዚያው ውስጥ ነበር። ከሕዝብ መስመር ርቀው በገጠር የተተከሉት መንደሮች ወረፋቸው ወደ ኋላ ነው። ለእነሱ የሚቀረው ታንኩን ድርጅቱ በሚቀበለው ደረጃ መልሶ መገንባት ነው፤ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ማጣሪያው የተቀመጠበትን ቁራሽ መሬትና ቧንቧው የሚያልፍበትን መተላለፊያ በሕጋዊ ባለቤትነት መያዝ ያስፈልጋል። መሬቱ በፈረሰ ኩባንያ ስም የተመዘገበ ከሆነ፣ መሐንዲሱ ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት ማመልከቻው የሚጻፈው ለሚኒስትሩ ነው።